የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ክለሳ፦ ስድስት ሳምንት ቀርቷል፣ ከየት ይጀመር?

ቧንቧ_ውሃ | ሰኞ ምሽት 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት፤ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ እዚሁ ደሴ። ሒሳቡና ጂኦግራፊው መስመር ይዞላታል፣ ያስቸገራት እንግሊዝኛው ነው። የግራመር መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ታነባለች፣ ታሰምራለች፣ ትጨርሳለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሞዴል ላይ ግን ውጤቷ ካለበት ፈቀቅ አላለም። ፓሴጁ ላይ ደግሞ ሰዓት ያልቅባታል። ከ«በርቺ» ያለፈ ነገር የምትሉኝ ካላችሁ በዝርዝር ጻፉልኝ።

የጦሳ_ጥላ | ሰኞ ምሽት 3:25

መጽሐፉን ትዝጋው። ደጋግመው ያነበቡት ገጽ ሁሉ የሚያውቁት ይመስላል። አይቶ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ አራት ምርጫ ተደርድሮ ትክክለኛውን መለየት ሌላ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሙሉ የድሮ ወረቀት ትፈተን። በቀደሙት ወረቀቶች የተለመደው 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነው፤ ለአንዱ ጥያቄ 1 ደቂቃ ይደርሰዋል፣ ያውም የፓሴጅ ማንበቢያው እዚያው ውስጥ ሆኖ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። እየሠራች እያለ ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ምልክት ታድርግ፦ እርግጠኛ ከሆነች ነጥብ፣ በሁለት ምርጫ መካከል ከዋለለች ግማሽ ክብ፣ በጭፍን ከገመተች መስቀል።

ስታርም መስቀልና ግማሽ ክብ ያለበትን ሁሉ፣ ያገኘችውንም ጭምር፣ እንዳላገኘችው ትቁጠረው። ብዙ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። አራት ምርጫ ባለበት ፈተና በጭፍን ቢያጠቁሩም ከአራቱ አንዱ ይገኛል፤ ስለዚህ «68 አመጣሁ» ሲባል ስንቱ የእውቀት፣ ስንቱ የዕድል እንደሆነ ያለ ምልክቱ አይታወቅም።

ከዚያ የስህተት ደብተር ትክፈት። አራት ዓምድ ታስምርበት፦ ጥያቄው በአጭሩ፣ የመረጥኩት፣ ለምን መረጥኩት፣ ትክክለኛው ለምን ትክክል ሆነ። ሁሉም የሚዘለው ሦስተኛውን ነው፤ ዋጋ ያለው ግን እሱ ነው። «ተቻኩዬ» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። «ሲንስን ሳይ ፐርፌክት ነው ብዬ ወሰንኩ፤ ግን እዚህ ሲንስ ምክንያት ነው የሚገልጸው፣ ጊዜ አይደለም» ተብሎ ነው የሚጻፈው። የጻፈችውን በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ የመጨረሻውን ዓምድ በእጇ ሸፍና ትመልሰው።

አከፋፈሉን በተመለከተ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ለዚህ ምርመራ ይሁን። ከዚያ ሦስቱ ሳምንት በደብተሩ ውስጥ ብዙ ቦታ ለያዙት ሁለት ርዕሶች ብቻ ይዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ 60 ጥያቄ በ60 ደቂቃ። አምስተኛው ላይ ሁለት ሙሉ ወረቀት። በስድስተኛው ከደብተሩ በቀር ምንም አትንካ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ተጠርዞ የሚሸጠው ሺት መልሱ በእጅ የተተየበ ነው፤ ስህተት አያጣውም። መልሱና መጽሐፉ ከተጋጩ መጽሐፉን ትመን።

ቦርከና_ማዶ | ሰኞ ምሽት 4:05

ከኮምቦልቻ። ስለ ፓሴጁ ልጨምር። ሰዓት የሚበላው ንባቡ ሳይሆን መመላለሱ ነው። ተማሪው አንድ ጥያቄ ያያል፣ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይፈልጋል፤ ለሁለተኛውም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አስቀድማ ታንብብ፤ ምርጫዎቹን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ብቻ፣ 40 ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ፓሴጁን አንዴ ታንብበውና የእያንዳንዱን አንቀጽ ፍሬ ነገር በዳር በሁለት ሦስት ቃል ትጻፈው፤ በአማርኛም ቢሆን። «ችግሩ»፣ «የድሮ መፍትሔ»፣ «ለምን ከሸፈ» ዓይነት። ጥያቄው ሲመጣ የትኛው አንቀጽ ጋ እንደምትሄድ ታውቃለች።

ምርጫዎቹ ደግሞ የሚያታልሉበት መንገድ ጥቂት ነው። አንደኛው በዓለም ላይ እውነት የሆነ ግን ፓሴጁ ያላለው ነገር ነው፤ ስለ ወባ ወይም ስለ ደን ሲሆን የባዮሎጂ እውቀቷ ያሳስታታል። ሌላው ከአንድ አንቀጽ ብቻ የተወሰደ ጠባብ ሐሳብ ነው፣ ዋና ሐሳብ ሲጠየቅ ይመጣል። «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር»፣ «ኦንሊ» ያለበት ምርጫም አለ፣ ጸሐፊው «ሜይ» ወይም «ኦፍን» ብሎ ሳለ። የፓሴጁን ቃላት እንዳለ ገልብጦ ትርጉሙን የጠመዘዘም አይጠፋም። ቃሉ ስለተመሳሰለ ብቻ እንዳትመርጥ።

«ኢት» ወይም «ዚስ» ምንን ያመለክታል የሚለው ጥያቄ ነጥቡ የሚገኘው በ20 ሰከንድ ነው። የመረጠችውን ስም በተውላጠ ስሙ ቦታ አስገብታ ዓረፍተ ነገሩን ታንብበው፤ ካልሄደ አይደለም።

የጦሳ_ጥላ | ሰኞ ምሽት 4:20

@ቦርከና_ማዶ ጥያቄ ማስቀደሙ ላይ አልስማማም። ጎበዝ አንባቢን ይረዳ ይሆናል። ንባቡ ደካማ የሆነ ተማሪ ግን አሥር ጥያቄ በጭንቅላቱ ይዞ ሲያነብ ፓሴጁን አያነብም፣ ቃል ነው የሚያድነው። ከዚያ ዋና ሐሳብና የጸሐፊው አቋም ሲጠየቅ ባዶ ይሆናል። እኔ የምለው የመጀመሪያውን አንቀጽ በሙሉ፣ የሌሎቹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ የመጨረሻውን አንቀጽ በሙሉ ታንብብ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄው።

ቦርከና_ማዶ | ሰኞ ምሽት 4:31

የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ዋናውን ሐሳብ አይዝም እኮ። አንቀጹ መሐል ላይ «ሃውኤቨር» ብሎ የሚገለበጥ ፓሴጅ ስንት አለ። ለማንኛውም ልጅቷ ሁለቱንም በሰዓት ትሞክራቸው፤ ርዝመታቸው በሚቀራረብ ሁለት ፓሴጅ፣ አንዱን በእኔ አንዱን በአንተ መንገድ። ብዙ ያገኘችበትን ትያዝ።

አረብ_ገንዳ | ማክሰኞ ጠዋት 1:50

ጀማው፣ ግራመሩን ረሳችሁት። እንግሊዝኛውን በፊደላችን እየጻፍኩ ነው፣ ኪቦርድ መቀያየሩ ስለሰለቸኝ፤ ድምፁን እያሰማችሁ አንብቡት።

የእኛ ልጆች የሚሳሳቱበት ቦታ የዘፈቀደ አይደለም። አማርኛው ትክክል በሆነበትና እንግሊዝኛው በሚለይበት ቦታ ነው። ፈታኞቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ አንዱን ምርጫ ሁልጊዜ አማርኛው እንዲጥመው አድርገው ያስቀምጡታል። ስለዚህ ሙሉ መጽሐፍ ከመከለስ እነዚህን መፈተሽ ያዋጣል።

«ምንም እንኳ ቢታመም ግን መጣ» በአማርኛ ደህና ነው። «ኦልዞው ሂ ዋዝ ሲክ፣ በት ሂ ኬም» ግን ስህተት ነው፤ ኦልዞው ካለ በት የለም፣ በት ካለ ኦልዞው የለም። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንዲሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለአንድ ምክንያት ሁለቱ አይገቡም።

«ከሁለት ዓመት ጀምሮ» ስለምንል እጃችን ወደ «ሲንስ ቱ ይርስ» ይሄዳል። ሲንስ የሚፈልገው መነሻ ነጥብ ነው (ሲንስ 2014፣ ሲንስ መንደይ)፤ ርዝመት ሲሆን ፎር ነው። «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ዴሴ ፎር ስሪ ይርስ»። ሦስት ዓመት እየኖርኩ ነው ብለን ስለምናስብ ግን «አይ አም ሊቪንግ» የሚለው ምርጫ ይጠራናል።

«ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንመርጣለን፤ ዲስከስ አባውትን አይፈልግም። «ከእሱ ጋር ተጋባች» ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» እንላለን፤ «ማሪድ ቱ» ነው። «ወደ ክፍሉ ገባ» ደግሞ «ኤንተርድ ዘ ሩም» ብቻ።

«መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ዕቃዎች» ይበዛሉ በአማርኛ። ኢንፎርሜሽን፣ አድቫይስ፣ ኢኩዊፕመንት፣ ፈርኒቸር ግን አይበዙም፣ ግሳቸውም ነጠላ ነው። ኒውስ መጨረሻው «ስ» ቢሆንም ነጠላ ነው፦ «ዘ ኒውስ ኢዝ»።

ኮንዲሽናል ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ነጥብ የሚፈስሰው እዚህ ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር» እና «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛው ነበር» ሲባል የሁለተኛው ክፍል አንድ ዓይነት ነው፦ «እገዛው ነበር»። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል። የዛሬ ምኞት ከሆነ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ውድ ባይ ኢት»። ያለፈና ያመለጠ ከሆነ «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ፣ አይ ውድ ሃቭ ቦት ኢት»። መለያው ጊዜውን መጠየቅ ነው፦ ዕድሉ አሁንም አለ ወይስ አልፏል? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «የስተርደይ» ወይም «ላስት ይር» ካለ ያለፈ ነው፣ ውድ ሃቭ ነው። ደግሞም ውድ ከኢፍ ጎን በዚያው ሐረግ ውስጥ አይገባም፤ «ኢፍ አይ ውድ» የሚል ምርጫ ካየች ብዙ ጊዜ ወጥመድ ነው።

«አይደል?» ለሁሉም ይሠራል በእኛ። የእንግሊዝኛው ታግ (መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው አጭር ጥያቄ) ግን ከፊት ለፊቱ ግስ ጋር ይቀያየራል። ሺ ኬም ካለ «ዲድንት ሺ»። ሃርድሊ፣ ሴልደም፣ ኔቨር ካለ ዓረፍተ ነገሩ አሉታዊ ስለሆነ ታጉ አዎንታዊ ይሆናል። «ሌትስ ጎ» ካለ «ሻል ዊ»። «አይ አም ሌት» ካለ «አረንት አይ»፤ ይህ እንግዳ ቢመስልም የሚጠየቀው እሱ ነው።

ቀጥተኛ ያልሆነ ጥያቄ፦ «ዱ ዩ ኖው ዌር ኢዝ ሂ» አይባልም፤ «ዌር ሂ ኢዝ» ነው። ኢንዳይሬክት ስፒች ላይም ይኸው ቅደም ተከተል ነው የሚፈተነው።

እነዚህን ከነምሳሌያቸው በሁለት ገጽ ትጻፋቸው፤ በእያንዳንዱ ሥር አማርኛውን፣ የሚያስተውን እንግሊዝኛ፣ ትክክለኛውን። በየቀኑ አምስት ዓረፍተ ነገር ከራሷ ታውጣ። ማንበብ ብቻ ከሆነ ያው መጽሐፉ ነው።

ሐይቅ_ዳር | ማክሰኞ ጠዋት 3:10

ሸጋ ብለሃል። ቃላትስ? እኛ ትምህርት ቤት በቀን 30 ቃል ከመዝገበ ቃላት ቸክሉ ተብለናል።

አረብ_ገንዳ | ማክሰኞ ጠዋት 3:35

30 ቃል ችከላ በሳምንት 210 ቃል ነው፤ ከሳምንት በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው፣ የሚቀረውም ትርጉሙ ብቻ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ቃሉ በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን እንደሚል ነው። በቀን 8 ቃል ይበቃል፤ ካነበበችው ፓሴጅ የወጣ፣ ከነዓረፍተ ነገሩ። ከእያንዳንዱ ጋር ዘመዶቹን ትያዝ፦ ዲሳይድ፣ ዲሲዥን፣ ዲሳይሲቭ። ቅጥያ ማወቅ በራሱ ነጥብ ነው፤ ክፍት ቦታው ስም ነው ቅጽል የሚጠይቀው ተብሎ ሁለት ምርጫ ወዲያው ይወድቃል።

የማታውቀው ቃል ሲመጣ ደግሞ ከጎኑ ያለውን አያያዥ ትይ። «አንላይክ» ወይም «በት» ካለ ተቃራኒ፣ «ሰች አዝ» ካለ ምሳሌ፣ ኮማ ተደርጎ «ኦር» ካለ ብዙ ጊዜ ፍቺው እዚያው ተጽፏል።

ቦርከና_ማዶ | ማክሰኞ ከሰዓት 8:15

ምልልስ ማሟያው ቀላል ነው ተብሎ ይናቃል፤ ግን በቀላሉ የሚጣል ነጥብ ነው። «ውድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ሲባል እሺ ለማለት «የስ» የሚመርጥ አለ። ማይንድ ማለት «ቅር ይልሃል?» ስለሆነ ትብብሩ «ኖት አት ኦል» ነው። «ዶንት ዩ ላይክ ኮፊ?» ሲባልም እኛ «አዎ፣ አልወድም» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ኖ፣ አይ ዶንት» ነው። ኖ ከሚለው ጋር አሉታዊ፣ የስ ከሚለው ጋር አዎንታዊ፤ መቀላቀል የለም።

የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል ላይ ከባዶ ለመደርደር አትሞክር። መጀመሪያ መክፈቻ የማይሆኑትን ታውጣ፦ በ«ሂ»፣ «ዚስ»፣ «ሰች»፣ «ሃውኤቨር»፣ «አስ ኤ ሪዘልት» የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ሌላ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከዚህ ብቻ ሁለት ምርጫ ይወድቃል። ከዚያ የግድ የሚከታተሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ፈልጋ (አንዱ «ኤ ፋርመር» ሲል ሌላው «ዘ ፋርመር» የሚል) ያን ጥንድ የያዘውን ምርጫ ትያዝ። ለአንዱ ከ90 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ምልክት አድርጋ ትለፍ።

ዲፓርትመንት_2ኛ_ዓመት | ማክሰኞ ምሽት 1:30

ክሩን ላጣምመው ነው፣ ይቅርታ። እዚህ ደሴ ግቢ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነኝ። የእኛ ፈተና ግጥም ሰጥቶ «ተንትን» ይላል። የሙያውን ቃላት ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ ሜታፎር (ተለዋጭ ዘይቤ)፣ ሲሚሊ (ተነጻጻሪ ዘይቤ)፣ አሊትሬሽን (የመነሻ ድምፅ መደጋገም)፤ ነጥብ ግን አላገኝም። ምን ይከለሳል?

የጦሳ_ጥላ | ማክሰኞ ምሽት 2:20

አብሽር፣ ችግሩ የተለመደ ነው። «በግጥሙ ውስጥ ሲሚሊ አለ፣ አሊትሬሽን አለ» ብሎ መዘርዘር ትንተና አይባልም። መምህሩ የሚፈልገው ሦስት ነገር በአንድ ላይ ነው፦ የምትለው ሐሳብ፣ ከግጥሙ የተጠቀሰ ሁለት ሦስት ቃል፣ ያ ቃል አንባቢው ላይ ምን እንደሚያደርግ። ሦስተኛው ከጎደለ ዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ነው። በአንድ አንቀጽ ሁለት ማስረጃ በደንብ የተብራራ፣ ስምንት ከተዘረዘረ ይበልጣል።

ግጥሙን ሦስት ጊዜ አንብብ፤ በየንባቡ የምትፈልገው ይለያይ። መጀመሪያ ማን ለማን እየተናገረ ነው፣ ምን ሆኖ። ተናጋሪውን ገጣሚው ነው ብለህ እንዳትጽፍ፤ «ዘ ስፒከር» በል። ሁለተኛው ንባብ ግጥሙ የት ላይ እንደሚዞር ለማየት ነው፦ ጊዜው፣ ስሜቱ ወይም ተጠሪው የሚቀየርበትን መስመር አስምርበት። ጥሩ መልስ ብዙውን ጊዜ በዚያ መስመር ዙሪያ ይቆማል። በሦስተኛው ድምፁንና ቅርጹን ተመልከት።

ሶኔት ከሆነ 14 መስመር ነው። የሼክስፒር ዓይነቱ ሦስት ባለ አራት መስመርና መዝጊያ ሁለት መስመር አለው፤ መዞሪያው ብዙ ጊዜ መዝጊያው ላይ ወይም 9ኛው መስመር ላይ ይመጣል። የፔትራርክ ዓይነቱ 8 እና 6 ነው፣ መዞሪያው በ8ኛውና በ9ኛው መካከል። ይህን የምትከልሰው ለመሸምደድ ሳይሆን መዞሪያውን የት እንደምትፈልግ ለማወቅ ነው።

ምት ቆጠራ ላይ የእኛ ሰው አንድ ልዩ ችግር አለበት። አያምቢክ ፔንታሜትር የሚባለው ምት 10 ሲላብል (ክፍለ ቃል) ነው፤ ደካማ ጠንካራ፣ አምስት ጊዜ። ነገር ግን በተከታታይ የሚመጡ ተነባቢዎች መካከል ድምፅ እየጨመርን ስለምናነብ መስመሩ 12፣ 13 ይሆንብናል። «ስትሬንግዝ» በፊደላችን ስድስት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ አንድ ሲላብል ነው። ስለዚህ ፊደል ሳይሆን አናባቢ ቁጠር። እጅህን አገጭህ ሥር አድርገህ አንብበው፤ አገጭህ በወረደ ቁጥር አንድ።

ሐይቅ_ዳር | ማክሰኞ ምሽት 2:45

ፐንን (በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሚያጫውተውን) «ሰምና ወርቅ ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል? ጓደኛዬ ጽፎ ተቀንሶበታል።

የጦሳ_ጥላ | ማክሰኞ ምሽት 3:00

በጥናት ደብተር ላይ ለማስታወስ ይጠቅማል፤ በመልስ ወረቀት ላይ ግን ቃሉ የሚሸከማቸውን ሁለት ትርጉሞች ጻፍ፣ ሁለቱም በዚያ መስመር እንዴት እንደሚሠሩ አሳይ። ቅኔው የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሁሉም ፐን ያንን አያሟላም።

አረብ_ገንዳ | ማክሰኞ ምሽት 3:20

@ዲፓርትመንት_2ኛ_ዓመት መውጫ ፈተናውንም ከአሁኑ አስበው። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ጥያቄውም ባለ ምርጫ ነው። ምርጫ ላይ ደግሞ የሚያምታቱት ጎረቤታም ቃላት ናቸው። በድራማ ሶሊሎኪ ገጸ ባሕሪው ብቻውን ሆኖ ሐሳቡን ሲያወጣ፣ አሳይድ ሌሎች መድረክ ላይ እያሉ ተመልካቹ ብቻ ሲሰማው፣ ሞኖሎግ ለሌላ ሰው የተነገረ ረጅም ንግግር ሊሆን ይችላል። አይረኒም ሦስት ነው፦ የተነገረውና የታሰበው ሲለያይ፣ የተጠበቀውና የሆነው ሲለያይ፣ ተመልካቹ የሚያውቀውን ገጸ ባሕሪው ሳያውቅ ሲቀር። ጥንድ ጥንድ አድርገህ ልዩነታቸውን ብቻ በአንድ መስመር ጻፍ።

ቧንቧ_ውሃ | ረቡዕ ምሽት 1:15

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዛሬ ወረቀቱን ተፈተነች፤ ግማሽ ክቡ ከነጥቡ በዝቶ ተገኘ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ ማስመር ስለማይቻል እንዴት ትለማመድ? ደግሞ ሌላ ሁለት የድሮ ወረቀት አገኘሁ፣ መልስ ግን የላቸውም።

ቦርከና_ማዶ | ረቡዕ ምሽት 1:50

ለኮምፒውተሩ፦ ካሁን ጀምሮ በወረቀቱ ላይ ምንም እንዳትጽፍ። የአንቀጹን ፍሬ ነገርና የምትመለስባቸውን ጥያቄዎች ቁጥር በባዶ ወረቀት ላይ ትያዝ። ፓሴጅ ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ ማንበብም ትልመድ፤ ወደ ላይ ወደ ታች እየተሳበ ሲነበብ ቦታ ማስታወስ ይከብዳል። በወረቀት ከሆነ ደግሞ የቡክሌት ኮዱን ቀድማ ታጥቁር፣ ጥያቄ ስትዘል መስመሩንም እንድትዘል፤ በየ10 ጥያቄው የመልስ ወረቀቱ ቁጥርና የጥያቄው ቁጥር መግጠሙን ትይ። በስህተት ነጥብ አይቀነስም፣ ስለዚህ ባዶ የሚቀር መስመር አይኑር።

የጦሳ_ጥላ | ረቡዕ ምሽት 2:10

መልስ የሌላቸው ወረቀቶች ይሻሏታል። ከክፍሏ ሁለት ልጆች ጋር ለየብቻ ይሥሩት፣ ከዚያ መልስ የተለያዩበትን ጥያቄ ብቻ ያውጡ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስቱንም ምርጫ ለምን እንደጣሉ ይከራከሩ፣ ለአንዱ ከ3 ደቂቃ ሳይበልጥ። ያልተቋጨውን እዚህ ለጥፉት። ሦስቱም የተስማሙበት ግን ግማሽ ክብ ያለበት ካለ፣ እሱንም ጨምሩት።